አንድ ጫማ የጎደላት ሲስተር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አሻንጉሊት ነው። «ይህ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው? አገር በስንት ጣጣ ተይዛ እሱ የልጅ መጫወቻ ያወራልናል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ፣ ግዴለም። ዘንድሮ በራሴ ባይደርስብኝ ኖሮ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ። አቆጣጠሩ እንዳያስቸግረን ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሠርግ ላይ ነው። አንድ ክብ ጠረጴዛ ከበን ስምንት ሆነን ተቀምጠናል። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ፣ ደህና ሹመት ያላቸው የሚመስሉ አንድ እንግዳ አብረውን ነበሩ። እንደ ወጉ «እናንተስ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠይቁ ጀመር። መቼም በሰው አገር ይህች ጥያቄ ስትመጣ ሁላችንም ክራቫታችንን እናስተካክላለን። ታክሲ ነጂው «የትራንስፖርት ሥራ» ይላል። ፓርኪንግ የሚሠራው «ማኔጅመንት ላይ ነኝ» ይላል። ተራው አጠገቤ ለተቀመጠችው ለአክስቴ ልጅ ሲደርስ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩና «እሷማ ነርስ ናት! ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው» ብዬ ዐረፍኩት።

እትዬ ሹካዋን አስቀመጠች። (ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም የምንጠራት እትዬ ብለን ነው።) «ነርስ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። «የነርስ ረዳት ነኝ። ሆስፒታልም አይደለም፤ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አሮጊትና ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ።» ጠረጴዛው ጸጥ አለ። እንግዳው «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» ብለው ቶሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። እኔ የት ልግባ!

ማታ ወደ ቤቷ ስመልሳት መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ሥራዬ አሳፈረህ?» አለችኝ።

«ኧረ እትዬ! ለክብርሽ ብዬ እንጂ።»

«ለክብሬ ብለህ ክብሬን ቀማኸኝ። ነርሷንም ሰደብካት። ስንት ዓመት ተምራ፣ ስንት ፈተና አልፋ ያገኘችውን ስም አንተ ሠርግ ቤት እንደ ዳቦ ታድለዋለህ። ለመሆኑ ነርስ ምን እንደምትሠራ ታውቃለህ? ረዳቷስ?»

መልስ አልነበረኝም። እትዬ አገር ቤት እያለች አስተማሪ ነበረች። እዚህ ከመጣች ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት የሠራችበትን ቤት ደጃፉን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም። «መኪናዬ ጋራዥ ናት። እሑድ አንተ ታደርሰኛለህ፤ ገብተህም ታያለህ» ብላኝ ወረደች።

እሑድ ይዤያት ሄድኩ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለው ክፍል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ተኝተዋል። ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፏል። እሳቸውም በጊዜያቸው ዐርባ ዓመት ያህል በነርስነት ያገለገሉ ናቸው። ገና ከበሩ ብቅ ስል «ዋሾው ዘመድሽ ይህ ነው?» አሉ እየሳቁ። እትዬ ለካ ሁሉንም ዘክዝካ ነግራቸዋለች! «ና፣ ቁጭ በል፤ ከእህቶቼ ጋር ላስተዋውቅህ» ብለው ግድግዳው ሥር ወዳለችው የመስተዋት ቁም ሣጥን አመለከቱኝ።

ቁም ሣጥኗ ውስጥ አሻንጉሊቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም ነርሶች ናቸው። ነጭ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ ካባ የደረቡ። እንዲህ ያሉትን እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች በአሜሪካም በአውሮፓም ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው ቴምብርና ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ስለነበር ገረመኝ። እኒህ እናት ግን ለእያንዳንዷ ታሪክ አላቸው።

አንደኛዋ ባርቢ ናት። ማቴል የተባለው ኩባንያ ባርቢን ለገበያ ያወጣት በ1959 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1961 የነርስ ልብስ አወጣላት። ልብሱ ነጭ ቀሚስና ነጭ ቆብ፣ ገበሩ ቀይ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ካባ ነበረው። ከነሱ ጋር መነጽር፣ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ የመድኃኒት ጠርሙስና ማንኪያ ይሰጥ ነበር። የጥፍር ያህል የምታክል ዲፕሎማም አለችው። «ሰው ሁሉ ካባውን ያደንቃል» አሉኝ። «እኔ የምወደው ግን ዲፕሎማዋን ነው። ያችን ወረቀት እኛ እንዴት እንዳገኘናት እኔ ነኝ የማውቀው።»

እንዴት እንደሆነም ነገሩኝ። በአሜሪካ ተምራ በነርስነት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜሪ ማሆኒ ናት። የተመረቀችውም በ1879 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን በሩ እንደ ልብ አልተከፈተም። ጥቁር ነርሶች በ1908 የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት የነጮቹ ስላላስገባቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ወታደር ነርስ አጥቶ እያለ እንኳ ሠራዊቱ የሚቀጥራቸው በኮታ ነበር። ያ ኮታ የተነሣው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በ1945 ነው። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር በሩን የከፈተላቸው ደግሞ በ1948 ነው። የራሳቸውን ማኅበር በ1951 ዘጉት። «ነርስ ሳይሆን ነርስ ነኝ ማለት ቀልድ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። ሠርጉን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

ከሁሉም የሚወዷት መሐል የቆመችው ጥቁሯ ናት። ስሟ ጁሊያ ነው። በ1968 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ጁሊያ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ተጀምሮ ነበር። መሪ ተዋናይቷ ዳያን ካሮል ናት። የምትጫወተውም ባሏ ቬትናም ጦርነት የሞተባትን፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ነርስ ሆና ነው። ከዚያ በፊት ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን መስኮት የምትታየው ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። ማቴልም በ1969 የጁሊያን አሻንጉሊት ነጭ የነርስ ልብስና ቆብ አልብሶ አወጣ። እኒህ እናት ያንኑ ዓመት ለገና ለትንሿ ልጃቸው ገዙላት። «ልጄ ሳጥኑን ከፍታ ‘እማዬ፣ አንቺን ሠሩሽ እኮ!’ አለችኝ» አሉና ጥቂት ዝም አሉ።

ጁሊያን ጠጋ ብዬ ሳያት ጸጉሯ ቀላ ብሏል፤ አንድ ጫማም የላትም። ጸጉሩ ከዕድሜ ብዛት ነው፤ የዚያን ጊዜዎቹ ጁሊያዎች ጥቁሩ እየለቀቀ ይቀላሉ። ሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ዋጋ የምታወጣው ከነሳጥኗ ያለች፣ ከቶ ያልተነካች አሻንጉሊት ናት። ጫማ ከጎደለ ዋጋው ይወርዳል። የእሳቸዋን ግን ልጅ ተጫውታባታለች። ጫማዋ የት እንደጠፋ ብጠይቃቸው «ስትሮጥ አልቆባት ይሆናላ!» አሉኝ። «ነርስ ሆና ጫማ የማይጨርስ ማን አለ?»

ይህን እያወራን እትዬ ሰዓቷን አየችና ተነሣች። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ማዞር አለባት። አንድ ጎን ላይ ብዙ የተኛ ሰው ቆዳው ይቆስላል። አረጋዊ ሲሆን ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። ከመንካቷ በፊት «አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው» አለቻቸው። አንድ እጇን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው ሥር አድርጋ እንደ እንቁላል አዞረቻቸው። ከጀርባቸው ትራስ ደገፈች፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከእግራቸው ሥር ሌላ ትራስ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ተረከዛቸውን አየችና ወዲያው የጥሪውን ደወል ተጫነች። ነርሷ መጣች። አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች፤ እኔ ብሆን አላያትም። ነርሷ በጣቷ ጫን ብላ አየችው፣ ጠየቀች፣ መዘገበች፣ ለሐኪሙ ልታሳውቅ ሄደች። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ረዳቷ ባታይ ነርሷ አትጠራም፤ ነርሷ ባታውቅ ነጥቧ ቁስል ትሆናለች። እትዬ በሠርጉ ማታ ልታስረዳኝ የፈለገችው ይህንን ነበር።

ቤቴ ገብቼ ስለዚህ ሙያ ማንበብ ጀመርኩ። ነርስ ለመሆን በአሜሪካ ከሁለት እስከ አራት ዓመት መማርና የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለረዳቷ የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። በ75 ሰዓት የጀመረችውን ሥራ እትዬ አሥራ አምስት ዓመት ስትማረው ኖራለች ማለት ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሌላ ዓይነት አሻንጉሊት ነው። ማርታ ቼዝ የምትባል በሮድ አይላንድ አሻንጉሊት ትሠራ የነበረች ሴት ነበረች። በሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ጠያቂነት በ1911 የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት ሠርታ ሰጠች። ያችኛዋ የነርስ ልብስ አልለበሰችም፤ ታማሚ ሆና ነው የተኛችው። ተማሪዎቹ ሕያው ሰው ከመንካታቸው በፊት እሷን እያጠቡ፣ እያለበሱ፣ እያዞሩ ይለማመዱ ነበር። ይህን ለእትዬ ብነግራት ሳቀች። «እኔም እኮ ስሠለጥን በአሻንጉሊት ነው የጀመርኩት! አስተማሪያችን ‘ስታዞሪያት አናግሪያት’ ትለን ነበር። እኔ አፍሬ በአማርኛ አናገርኳት።»

አሁን ደግሞ ስለ ምስጋናው ላንሣ። 2020 የተባበሩት መንግሥታት የጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ የሰየመው ነበር። የተመረጠውም ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከተወለደች 200 ዓመት የሚሞላበት ስለሆነ ነው። ናይቲንጌል በሜይ 12፣ 1820 ተወልዳ፣ በ1854 ከ38 ነርሶች ጋር ወደ ክራይሚያው ጦርነት ቁስለኞች ዘምታ፣ በ1860 ለንደን ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ያቋቋመች ናት። የዓለም የነርሶች ቀን ሜይ 12 የሆነውም በእሷ ልደት ነው። ማቴልም በዚያው ዓመት የናይቲንጌልን ባርቢ አወጣ። ግን የክብር ዓመት የተባለው 2020 የኮሮና ዓመት ሆነ። ኒው ዮርክ ማታ በአንድ ሰዓት፣ እንግሊዝ ሐሙስ ማታ በሁለት ሰዓት ሕዝቡ በየመስኮቱ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። በ2021 ማቴል ብሩክሊን ውስጥ ኮሮናን ስትታገል ራሷም ታማ፣ ድና ወደ ሥራዋ የተመለሰችውን ነርስ ኤሚ ኦሳሊቫንን በአሻንጉሊት ሠርቶ አከበራት። ይገባታል፤ ማንም አይከራከርም።

እትዬ በዚያ ጭብጨባ ሰዓት የት ነበረች? እዚያው መጦሪያ ውስጥ። ጠያቂ ዘመድ እንዳይገባ በተከለከለበት ጊዜ የታማሚዎቹን እጅ ይዛ፣ ልጆቻቸውን በስልክ መስኮት እያሳየች ነበር። ቤቷ ስትመለስ ልብሷን ጋራዥ ውስጥ አውልቃ ነበር የምትገባው። በዚያች የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ የረዳቷን ልብስ የለበሰች አሻንጉሊት ፈልጌ አላገኘሁም። እኒያ እናት ይህንን ሳይታዘቡ አልቀሩም። «ነጩ ቆብ እኮ ድሮ ቀርቷል» አሉኝ። እውነት ነው፤ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ቆቡን ትተውታል። «ሰው ግን አሁንም የሚያመሰግነው ቆቡን ነው» አሉ።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ነርስን ስንጠራ «ሲስተር» እንላለን፤ እህት ማለት ነው። ወንድ ነርስ ሲሆን ግን ሳይመረቅ «ዶክተር» ብለን እንሾመዋለን። ማስታመም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ሆስፒታል ሲገባ አስታማሚ ወለል ላይ ጋቢውን አንጥፎ የሚያድር ሕዝብ ነን። ታዲያ ለእናቷ ስታደርገው የምንመርቃት ልጅ፣ ለባዕድ እናት በደመወዝ ስታደርገው የምናፍርባት ለምንድን ነው?

የንጉሥ ልጅ እንኳ አላፈረችበትም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰብ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ልዕልት ፀሐይ ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። እንደኛው በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የታመሙ ልጆችን እያስታመሙ ሠለጠኑ። በ1939 በነርስነት ተመረቁ። አገራችን ነጻ ስትወጣ ተመልሰው፣ ትዳር ይዘው፣ በኦገስት 1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።

በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ስሟ ከእኒሁ ልዕልት ነው። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጃንዋሪ 2024 ስትመለስ በየቡና ቤቱ ስንቱ ተጨቃጨቀ! ማን አስመለሳት፣ ማን ተመሰገነበት፣ ማን ፎቶ ተነሣበት። እኔም በአቅሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል «ባለስሟ እኮ ስደተኛ ነርስ ነበሩ» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አላልኩም።

ታሪኩን ልቋጭ። ከዚያች እሑድ በኋላ አራት ወር ያህል ቆይተው እኒያ እናት ዐረፉ። በሕይወት እያሉ ጁሊያን ለእትዬ ሊሰጧት ሁለት ጊዜ ሞክረው ነበር። የቤቱ ደንብ ሠራተኛ ከታማሚ ስጦታ እንዲቀበል ስለማይፈቅድ እትዬ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለች። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ለቢሮው ደብዳቤ ጻፈች። (ነርስ አልሆነችም፤ መሐንዲስ ናት።) ቢሮው ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ጸጉሯ የቀላ፣ ሳጥን የሌላት፣ አንድ ጫማ የጎደላት ስለሆነች ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ተባለና ተፈቀደ። ጫማዋ ባይጠፋ ኖሮ ምናልባት ይከለከል ነበር።

ጁሊያ አሁን እትዬ ቤት፣ ከቡና ስኒዎቹ ጎን ቆማለች። ባለፈው ቡና ስንጠጣ «እንግዲህ ትምህርት ቤት ገብተሽ ነርስነቱን ለምን አትማሪም?» ብዬ አፌን አበላሸሁ። «አሁንም አልገባህም ማለት ነው» አለችኝና ሁለተኛውን ስኒ ሳትቀዳልኝ ብዙ አቆየችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን አንዲት እትዬ አለች። ሌሊት ሠርታ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ወገቧን ይዛ ደረጃ የምትወጣ፣ ደመወዟን ከፍላ አገር ቤት እናት የምትጦር። በሚቀጥለው ሠርግ ወይም ልቅሶ ላይ «ምን ትሠራለች?» ሲባል እንደኔ አትቅደሟት፤ ራሷ ትናገር። ከዚያ በኋላም እንደ እንግዳው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብላችሁ አትለፉ፤ ወገቧ እንዴት እንደዋለ ጠይቋት። ነርሶቻችንንም ሜይ 12 እስኪመጣ አትጠብቁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን። ለታመመውም ምሕረትን፣ ለአስታማሚዋም ጉልበቱን ይስጥልን።